ባሕር ተሻግሮ የሚደርስ ኬክና ሻይ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ቀን ንግግር እንዳደርግ በተመረጥሁ ጊዜ ብዙ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር እንድናገር መክረውኝ ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ርእሶች ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ እጅግ አሳምረው ስለ ተናገሩ፤ እኔም የምጨምረው ያለ ስላልመሰለኝ አንድ ትንሽ ነገር መርጫለሁ። ይኸውም እንግሊዞች ባሕር ማዶ ላለ ዘመዳቸው ወይም ወዳጃቸው ኬክና ሻይ ጠቅልለው የመላካቸው ልማድ ነው። ርእሱን የነገርሁት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ስቆ፤ «ለኬኩ ከሚወጣው ገንዘብ ለፖስታ ቤት የሚከፈለው ይበልጣል፤ ገንዘቡን ልከውለት ባለበት አገር ኬክ ገዝቶ ቢበላ አይሻልምን?» አለኝ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ዛሬ የምናገረውም ለእርሱ መልስ እንዲሆን አስቤ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

እንግሊዝ አገር ኬክ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የሚጠራው ስፖንጅ ኬክ ነው። የፉርኖ ዱቄት፤ የገበታ ቅቤ፤ ስኳርና እንቁላል በእኩል ሚዛን ተመትተው በሁለት ንጣፍ ይጋገርና በመካከሉ ማርማላታ ይቀባበታል። በተጋገረበት ቀን ከሰዓት በኋላ ከሻይ ጋራ ሲቀርብ እጅግ ያምራል። በሦስተኛው ቀን ግን መድረቅ ይጀምራል፤ ክሬም ከገባበትም ይበላሻል። ይህን በካርቶን አድርጎ ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ሰው የላከው ኬክ ሳይሆን ፍርፋሪ ነው። ስኮን የሚሉት ትንሽ ዳቦም ከጧት እስከ ማታ እንጂ ከዚያ ያለፈ ዕድሜ የለውም።

መንገድ የሚችለው የፍራፍሬ ኬክ የሚባለው ነው። መልኩ ጥቁር፤ ክብደቱ እንደ ጡብ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው አርሮ የወጣ ይመስለዋል። ከዱቄቱ ይልቅ ዘቢቡ ይበዛል። የዘቢቡ ዓይነት ሁለትም ሦስትም ሲሆን፤ ከመካከሉ ትንሹና ጥቁሩ በእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው የሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ከተጻፈላት ከቆሮንቶስ ከተማ ነው፤ ጥንት ነጋዴዎች ከግሪክ አገር ያመጡት ነበርና። በስኳር የተቀቀለ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ፤ ቀረፋ፤ ገውዝና ቅርንፉድ ይጨመርበታል። ፍሬውን ሌሊቱን በብራንዲ ነክረው ያሳድሩታል። በቀዘቀዘ እሳት ብዙ ሰዓት ተጋግሮ ከወጣም በኋላ ወዲያው አይበላም። በወረቀት ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ይከደንና አልፎ አልፎ እየተከፈተ በቀጭን ነገር ይወጋጋል፤ በቀዳዳውም ጥቂት ብራንዲ ያንጠባጥቡበታል። ይህን ሥራ እንግሊዞች «ኬኩን መመገብ» ይሉታል። ለገና የሚቆረሰውን ኬክ ሁለት ወር ቀድመው የሚጋግሩ ባለሙያ ሴቶች አሉ። እናቶቻችን ጠጁን ጥለው ቀኑን እየቆጠሩ እንደሚጠብቁት ዓይነት ትዕግሥት ነው።

የማይበላሽበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሻጋታ ለመብቀል እርጥበት ይሻል፤ በደረቀ ፍሬና በብዙ ስኳር መካከል ያለውን ውሃ ግን ስኳሩ አጥብቆ ስለ ያዘው ሻጋታው ሊጠጣው አይችልም። ማር ለዓመት ቢቀመጥ የማይሻግተው በዚሁ ምክንያት ነው። ብራንዲውም ያግዛል። ከዚያም በላይ ከአልሞንድ ዱቄትና ከስኳር ተቦክቶ በኬኩ ላይ የሚለበጠው ማርዚፓንና በእርሱ ላይ የሚፈሰው ነጭ ስኳር እንደ ክዳን ሆነው አየር ይከለክላሉ።

ለዚህ አንድ አስደናቂ ምስክር አለ። በ1910 ካፒቴን ሮበርት ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ለመድረስ በመርከብ ተነሣ፤ ከሰዎቹም አንዱ ክፍል በ1911 ኬፕ አዴር በሚባለው የበረዶ ዳርቻ ሰፈረ። ስኮትና አራት ባልደረቦቹ ዋልታው ደርሰው ሲመለሱ በ1912 በብርድና በረሃብ መንገድ ላይ ሞቱ። በ2017 የኒው ዚላንድ የቅርስ ጠባቂዎች በኬፕ አዴር ካለው አሮጌ የእንጨት ቤት የተገኘውን ዕቃ ሲመረምሩ በወረቀት ተጠቅልሎ በቆርቆሮ የተቀመጠ የፍራፍሬ ኬክ አገኙ። ቆርቆሮው ዝጎ ነበር። ኬኩ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ቅርጹ እንደ ተጠበቀ ነበር፤ ሽታውም የሚበላ ሊያስመስለው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር ብለዋል። የገዛ ጌቶቹ ሞተው እርሱ ግን ማንም ሳይቆርሰው መቅረቱን ባነበብሁ ጊዜ ደስታም ኀዘንም ተሰማኝ።

ያን ኬክ የሠራው በሬዲንግ ከተማ የነበረው ሐንትሊና ፓልመርስ የተባለው ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ታሪክ ራሱ የመንገድ ታሪክ ነው። በ1822 ጆሴፍ ሐንትሊ ትንሽ የብስኩት ሱቅ ሲከፍት ከሱቁ ፊት ለፊት በፈረስ ሠረገላ የሚጓዙ መንገደኞች የሚያርፉበት ሆቴል ነበር፤ እርሱም ብስኩቱን ለመንገደኞቹ ይሸጥላቸው ነበር። ብስኩቱ በመንገድ እየተሰባበረ ስላስቸገረ በቆርቆሮ ማሸግ ተጀመረ፤ ቆርቆሮውንም የሚሠራው የገዛ ልጁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብስኩቱ በመርከብ ዓለምን ሁሉ ዞረ። በሬዲንግ ያለው ሥራ በ1976 ቢያቆምም የብስኩት ቆርቆሮ የሚባለው ነገር ግን እስከ ዛሬ በየቤታችን አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት እናቶች መርፌና ክራቸውን በብስኩት ቆርቆሮ የማያስቀምጡ ስንት ይሆኑ? ብስኩት አገኘሁ ብሎ ከፍቶ አዝራርና የክር ጥቅልል ያላገኘ ልጅስ አለን?

የፍራፍሬ ኬክ ውድ ነው። ድኾች የሚልኩት ሌላ ነበር። በእንግሊዝ ሰሜን፤ በዮርክሸርና በላንካሸር አውራጃዎች፤ ስንዴ እንደ ልብ በማይበቅልበት ብርዳም አገር ሰዎች ከአጃ ዱቄት፤ ከዝንጅብልና ከስኳር ጭማቂ ከሚተርፈው ጥቁር ሞላሰስ ፓርኪን የሚሉትን ኬክ ይጋግራሉ። የሚበላውም በተለይ በኅዳር መጀመሪያ፤ ርችት በሚተኮስበትና ደመራ በሚነድበት ሌሊት ነው። ፓርኪን የተጋገረ ዕለት ደረቅና ጠንካራ ነው፤ በቆርቆሮ ተከድኖ ጥቂት ቀኖች ሲቆይ ግን እየለሰለሰና እየጣፈጠ ይሄዳል። እንግዲህ ለመላክ ከዚህ የተሻለ ኬክ የት ይገኛል? ሌላው ኬክ ፖስታ ቤት ሲያረጅ ይህ ፖስታ ቤት ውስጥ ይበስላል። እኔ በበኩሌ ከፍራፍሬው ኬክ ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ፤ ይህን ስል ግን ብዙ እንግሊዞች እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ ደግሞ የእናቶች እሑድ የሚሉት ቀን አለ። በቀድሞ ዘመን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ ወጣቶች በዚያ ቀን ፈቃድ እያገኙ ወደ እናቶቻቸው ይሄዱ ነበር። ሲምነል የሚባለው ኬክ ከዚህ ቀን ጋራ የተያያዘ ነው። በመካከሉ አንድ ንጣፍ ማርዚፓን ይጋገርበታል፤ በላዩም 11 የማርዚፓን እንክብሎች በክብ ይደረደራሉ። አሥራ አንዱ ከይሁዳ በቀር ያሉት ሐዋርያት ናቸው። የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ፤ «እንቁላልና ቅቤ ያለበት ኬክ በጾም እንዴት ይበላል?» ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከእንግሊዝ አገር ለኢትዮጵያዊ ወዳጁ ኬክ የሚልክ ሰው ጥቅሉ የሚደርሰው በጾም መሆን አለመሆኑን ቢጠይቅ መልካም ነው። ብራንዲ የጠጣው ኬክም መጠጥ በሕግ ወደ ተከለከለበት አገር፤ ለምሳሌ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፤ መላክ የለበትም። ለዚያ የሚስማማ ሌላ አላቸው። ዘቢቡን በብራንዲ ፈንታ በጥቁር ሻይ ነክረው ያሳድሩትና ከዱቄት፤ ከስኳርና ከእንቁላል ጋራ ይጋግሩታል። የሻይ ዳቦ ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ ቅቤ እንኳ አይገባበትም፤ ተቆርሶ ሲበላ ነው የገበታ ቅቤ የሚቀባው።

አሁን ወደ ሻዩ ልምጣ። የሻይ ነገር ሲነሣ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሻይ የእንግሊዝ መጠጥ ነው እንላለን፤ ዳሩ ግን በዚያች አገር በቅርብ ዓመታት እንደ ኮርንዎል ባሉ ቦታዎች ከተተከለው ጥቂት በቀር ሻይ አይበቅልም። አስቀድሞ ከቻይና ይመጣ ነበር፤ ከ1839 ጀምሮ የሕንድ አገር የአሳም ሻይ ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ከዚያም የሲሎን ሻይ ተከተለ። ዛሬ እንግሊዞች ከሚጠጡት ሻይ ትልቁን ድርሻ የምትሰጠው ጎረቤታችን ኬንያ ናት። እንግዲህ አንድ እንግሊዛዊ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው ሻይ ከኬሪቾ ኮረብታ ተለቅሞ፤ ሞምባሳ ላይ መርከብ ተሳፍሮ፤ እንግሊዝ አገር ገብቶ፤ የለንደን ድልድይ ሥዕል ባለበት ቆርቆሮ ታሽጎ እንደ ገና ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ኬክ ውስጥ ካለውም ነገር ብዙው እንዲሁ ነው። በ1927 የእንግሊዝ መንግሥት የገና ፑዲንግ አሠራር አሳትሞ ሕዝቡ ከግዛቱ አገሮች የመጣውን እንዲጠቀም አሳስቦ ነበር፤ ዘቢቡ ከአውስትራልያ፤ ቅርንፉዱ ከዛንዚባር፤ ሩሙ ከጃማይካ እንዲሆን ነበር የታዘዘው።

ስኳሩን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ሐሰት ይሆናል። ሻይ በእንግሊዝ ድኻ ቤት ሁሉ የገባው በስኳር ነው፤ ያ ስኳር ደግሞ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዘመን ከአፍሪካ ተግዘው በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የሚሠሩ ሰዎች ላብና ደም ነበረበት። ይህን የተቃወሙ እንግሊዞች ከ1791 ጀምሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው የባሪያ ስኳር አንበላም አሉ። በዚህም ሴቶቹ ይበረቱ ነበር፤ በየሱቁ ስኳር የሚገዙት እነርሱ ነበሩና። አንዳንዶቹም ስኳራቸው ባሮች ያልሠሩት መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ያለበት የስኳር ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ያኖሩ ነበር። የባሪያ ንግዱ በ1807፤ በግዛቶቻቸው ያለው ባርነት ራሱ ደግሞ በ1833 በወጣው ሕግ ተሻረ። ይህን የማነሣው የሻዩን ጣዕም ለማበላሸት አይደለም። የቆርቆሮውን ሥዕል ብቻ አይቶ ሁሉ ከአንድ ውብ የእንግሊዝ መንደር የወጣ የሚመስለው ሰው ስላለ ነው።

ታዲያ የእንግሊዝ የሆነው ምኑ ነው ብትሉኝ አመራረጡና አሠራሩ ነው እላለሁ። ሻዩን ከብዙ አገር ቅጠል ያቀላቅላሉ፤ ወተት ይጨምሩበታል፤ ቅጠሉ የሚጣድበትም ውሃ የፈላ እንጂ የሞቀ ብቻ እንዲሆን አይፈቅዱም። በዚህ ላይ የሳይንስ መምህራችን ያስተማሩንን ልጨምር። ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ሻይ እዚህ ደጋ ላይ በእንግሊዝ አገር ደቂቃ ቢቀዳ ቀጭን ይሆናል። ከእንግሊዝ ሻይ የተላከለት ሰው ሻዩ በመንገድ ተበላሸ ብሎ ላኪውን ከማማት በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ቢታገሥ ይሻለዋል።

የዚህ ልማድ ትልቁ ፈተና ጦርነት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ከቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ጋራ ሆኖ በጠላት እጅ ለተማረኩ ወታደሮች የምግብ ጥቅል ይልክ ነበር፤ በጠቅላላው ወደ 20 ሚሊዮን ይደርሳል። ወተት፤ ስኳር፤ ብስኩትና ቸኮሌት ሲኖርበት ሻይ ደግሞ አይቀርበትም ነበር፤ መጠኑም ሩብ ፓውንድ ማለት ወደ 113 ግራም ነው። ለገና በሚላከው ላይ ኬክና ፑዲንግ ይጨመር ነበር። ይህ ሁሉ በሚላክበት ጊዜ አገር ቤት ያለው ሰው ራሱ አልጠገበም። ሻይ ከ1940 እስከ 1952 በራሽን ነበር፤ ራሽኑ ሲጀመር ለአንድ ሰው በሳምንት 57 ግራም ያህል ብቻ ይደርሰው ነበር። በኬክ ላይ ስኳር ማፍሰስም በ1940 ተከለከለና ሙሽሮች ከካርቶን የተሠራ ባዶ ኬክ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከሥሩ ትንሽ እውነተኛ ኬክ ይደብቁ ነበር። በዚያን ጊዜ የመንገዱ አቅጣጫ ተገለበጠ። ቀድሞ ከእንግሊዝ ኬክ ሲላክላቸው የነበሩት የአውስትራልያና የኒው ዚላንድ ሰዎች በተራቸው ኬክና የታሸገ ምግብ ወደ እንግሊዝ ይልኩ ጀመር። በ1947 ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ ቁመቱ 9 ጫማ የሆነው የሠርግ ኬክ የተጋገረው የአውስትራልያ ልጃገረዶች ስካውት ማኅበር በላከው ዕቃ ነው፤ ስለዚህም «የ10,000 ማይል ኬክ» ተባለ።

ስለ አላላኩ የማውቀውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኬኩ ፈጽሞ ሳይበርድ አይጠቀለልም፤ ትኩስ ከሆነ ላቡ በቆርቆሮው ውስጥ ቀርቶ ያሻግተዋል። መጀመሪያ በሰም ወረቀት፤ ከዚያ በቆርቆሮ፤ ቆርቆሮውም እንዳይንገጫገጭ ዙሪያው በተጨማደደ ወረቀት ተሞልቶ በካርቶን ይገባል። ሻይ የአጠገቡን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ከሳሙና፤ ከሽቶና ከቅመም ጋራ በአንድ ካርቶን መግባት የለበትም። በጉምሩክ ወረቀቱ ላይ «ስጦታ» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ምን እንደ ሆነ፤ ምን ያህል እንደ ሆነና ዋጋው ተዘርዝሮ ይጻፋል። ደንቡም ይለዋወጣል። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በግል ጥቅል ሥጋና የወተት ውጤት መላክ ተከልክሏል፤ ሥጋ ያልገባበት ኬክና ብስኩት ግን ይፈቀዳል። የገና ፑዲንግ ብዙ ጊዜ በከብት ስብ ስለሚሠራ ላኪው አስቀድሞ የተጻፈበትን ማንበብ አለበት። ይህን ሁሉ ድካም የማይፈልግ ሰው ደግሞ ሁሉን አሰናድቶ በቅርጫት የሚልክ ነጋዴ ያገኛል፤ ገንዘብ ካለው ክፋት የለውም።

አሁን ለጓደኛዬ ጥያቄ መልስ ልስጥ። አንዲት እንግሊዛዊት መምህር ነበሩን። እናታቸው ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ሲሆን ከዮርክሸር በየዓመቱ ፓርኪንና ሻይ ይልኩላቸው ነበር። በአንድ ዓመት እናትየው ለልጃቸው ይጠቅማታል ብለው በዚያው ካርቶን ውስጥ የላቫንደር ሳሙና ጨመሩ። ጥቅሉ ሁለት ወር ሙሉ በመንገድ ቆይቶ ሲደርስ ሻዩ ሻይ መሆኑ ቀርቶ የልብስ ማጠቢያ ሆኖ ነበር። መምህራችን አፈሉትና ለእኛም አቀመሱን፤ እኛ ከአንድ ጉንጭ አላለፍንም። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጥሩ የጉመሮ ሻይ በርካሽ ይሸጣል። እሳቸው ግን ያን የሳሙና ሻይ አልጣሉትም፤ በየማታው አንድ አንድ ስኒ እያሉ ከየካቲት እስከ ግንቦት ጠጥተው ጨረሱት። እናታቸው በሚቀጥለው ደብዳቤ ሻዩ እንዴት ነበር ብለው በጠየቁ ጊዜ ምን እንደ መለሱላቸው አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ጓደኛዬ ሆይ፤ ሻይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሱቁ በቂ ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል እሴይ ታናሹን ልጁን ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር ሲልከው የተጠበሰ እህልና አሥር እንጀራ ለወንድሞቹ፤ አሥር አይብ ደግሞ ለአለቃቸው አስይዞት ነበር። የላከው ደኅንነታቸውን አይቶ ምልክት እንዲያመጣለት ጭምር ነው። ገንዘብ ሲላክ ተቀባዩ፤ «ደረሰኝ» ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ኬክ ሲላክ ግን ተሰብሮ ደረሰ፤ ሳይሰበር ደረሰ፤ ለእገሌ አቀመስሁት፤ ዝንጅብሉ በዛ፤ ተብሎ ይጻፋል። እናትም ያን ጊዜ ልጇ ከማን ጋራ እንደ ተቀመጠች፤ በምን ጠረጴዛ እንደ በላች፤ ማን እንደ ጠየቃት ታውቃለች።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ቤይሩት፤ ወደ ጅዳ፤ ወደ ዋሽንግተን የሄደ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ዳቦ ቆሎ ቆልታችኋል፤ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታችኋል፤ ሻንጣው ከክብደት በለጠ ተብሎ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ግማሹን አውጡ ስትባሉ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። እናቶቻችን ትኩስ እንጀራ ሩቅ መንገድ እንደማይችል ስለሚያውቁ ድርቆሽ ያደርጉታል። የዮርክሸር ሴት በአጃና በሞላሰስ ያገኘችውን የእኛ እናቶች በጤፍና በገብስ አግኝተውታል፤ አንዳቸውም ከሌላዋ አልተማሩም።

በዚህ ዓመት ከእኛ ክፍል የምንወጣው ተማሪዎች ፈተናችንን ብናልፍ በየዩኒቨርሲቲው እንበተናለን፤ ከመካከላችን ባሕር ማዶ የሚሄድም አይጠፋም። እስከ ዛሬ ስንቅ ተቀባዮች ነበርን። አዳሪ ሆነን በቆየንበት ዓመት ሁሉ በሶውና ቆሎው የሚመጣው ከቤት ነበር፤ እኛ ወደ ቤት ምን እንደ ላክን ሳስብ ልብስ እንዲታጠብ ከመላክ በቀር አላስታውስም። ወላጆቻችን ስኳር እንዳይበሉ ሐኪም የከለከላቸው፤ ጥርሳቸው ደረቅ ነገር የማይችል እንዳሉ እናውቃለን። እነርሱ የእኛን ፍላጎት ያወቁትን ያህል የእነርሱን ብናውቅ ከሩቅ የምንልከውን ለመምረጥ አንቸገርም ነበር።

ንግግሬን ስጨርስ አንድ ማስታወቂያ አለኝ። በቤት አያያዝ ክፍል ያሉት እኅቶቻችን ከአገራችን አጃ፤ ከወንጂ ሞላሰስና ከዝንጅብል አንድ ፓርኪን ጋግረው በቆርቆሮ ከከደኑት ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ቀኑ የፍስክ ስለ ሆነ ቅቤ ገብቶበታል። በወዲያኛው ጠረጴዛ ከሻይ ጋራ ቀርቧልና ወላጆች ቅድሚያ ወስደው ቢቀምሱልን ደስ ይለናል። ቆርቆሮውን ግን ማንም ይዞ እንዳይሄድ፤ ያዋሱን እናት ክራቸውን በፌስታል አስቀምጠው እየጠበቁት ነው።